በላብ የማይገዛ ፍቅር፦ ኩዌት ላለች ልጄ የጻፍኩት ምክር

ልጄ፣ የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። «እትዬ፣ እግዚአብሔር ይወድሻል ይሉኛል፤ እኔ ግን ከተነሣሁ እስክተኛ የሚሰማኝ ድካም ብቻ ነው» ብለሽኛል። ይህን ጥያቄ ከሳልሚያም፣ ከጀህራም፣ ከፈሃሂልም ከብዙ እኅቶችሽ ሰምቼዋለሁ። አብዛኞቹ አፍረው ዙሪያውን ነው የሚሉት፤ አንቺ ሳትሸፋፍኚ ስለጠየቅሽኝ ደስ ብሎኛል። በስልክ የምጨርሰው ነገር ስላልሆነ ጻፍኩልሽ። ቁጥር የሰጠሁት ሥራ ሲበዛብሽ አንዱን አንብበሽ ሌላውን ለነገ እንድታቆዪው ነው።

1. መጀመሪያ ይህን ያዢ፦ የእግዚአብሔር ፍቅር ደመወዝ አይደለም።

እዚህ አገር ሰው የሚመዝንሽ በሥራሽ ነው። መክተቡ (አስቀጣሪው ቢሮ) ያመጣሽ ለሥራ፣ ከፊልሽ (ዋስሽ የሆነው አሠሪሽ) የከፈለብሽ ለሥራ፣ ኢቃማሽ (የመኖሪያ ፈቃድሽ) የሚታደሰው ለሥራ ነው። አገር ቤት ያሉትም ክፉ ሆነው ሳይሆን ችግር ይዟቸው፣ ስልክ ሲያነሡ ከ«ደህና ነሽ ወይ» ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቂዋለሽ። የታናሽሽ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤቱ ቆርቆሮ፣ የአባትሽ መድኃኒት። በላክሽበት ወር ምርቃቱ ይዘንባል፤ ባልላክሽበት ወር ድምፃቸው ይቀዘቅዛል። እንዲህ እያለ ዓመት ሲያልፍ አንድ ሐሳብ ሳይታወቅሽ ልብሽ ውስጥ ሥር ይሰዳል፦ የምወደደው ስሰጥ ብቻ ነው። ከዚያ ይህንኑ ሐሳብ ይዘሽ እግዚአብሔር ፊት ትቆሚያለሽ። አልጾምኩም፣ ካስቀደስኩ ዓመት አለፈኝ፣ ምን አድርጌለት ይወደኛል ትያለሽ።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለውን የጠፋውን ልጅ ታሪክ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ። አሁን ግን በሠራተኛ ዓይን አንብቢው። ልጁ በርሃብ ተቀጥቅጦ ወደ አባቱ ሊመለስ ሲነሣ የሚናገረውን በመንገድ ላይ አዘጋጅቷል። በመጨረሻ ሊለው ያሰበው ልጅነቱ ቀርቶበት እንደ ቅጥር ሠራተኛ እንዲያስገባው ነው። አባቱ አንገቱን አቅፎ ሲስመው ልጁ ንግግሩን ይጀምራል፤ በደሉንም ይናዘዛል። ያቺን የቅጥር ጥያቄ ግን አላደረሳትም። አባትየው ቀድሞ ልብስ አምጡ፣ ቀለበት አምጡ፣ ጫማ አምጡ እያለ ነበር። በዚያ ቤት ለልጅ የሚሆን የቅጥር ውል የለም።

ታላቅ ወንድሙን ደግሞ ተመልከቺ። ከቤት ሳይወጣ ዓመታት ሙሉ እንደ አገልጋይ ሠርቷል፤ በሥራው ብዛትም የአባቱን ፍቅር ማየት ተስኖታል። ከብዙዎቻችን ጋር የሚመሳሰለው ከታናሹ ይልቅ ይህኛው ይመስለኛል። ጥፋተኞች ስለሆንን አይደለም። ሁልጊዜ ስንሠራ ስለኖርን ዝም ብሎ መወደድን ረስተነዋል።

2. ስሜትሽ ስለደረቀ እምነትሽ የሞተ አይምሰልሽ። መጀመሪያ እንቅልፍሽን ቁጠሪ።

ነቢዩ ኤልያስ ደክሞት በረሃ ገብቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ሞትን ለምኗል፤ ታሪኩ በመጀመሪያው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 19 ነው። እግዚአብሔር በዚያች ሰዓት አልገሠጸውም፣ ትምህርትም አልጀመረለትም። እንዲተኛ ተወው። ከዚያ መልአክ ቀስቅሶ በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውሃ ሰጠው። በልቶ ደግሞ ተኛ፤ ደግሞም ቀስቅሶ አበላው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በረመዳን እስከ ሱሑር ቆመሽ፣ ጠዋት ሕፃኑን ይዘሽ ተነሥተሽ፣ በሐምሌ ሙቀት ግቢ አጥበሽ ስታበቂ ልብሽ በመዝሙር ባይሞላ ምን ይገርማል? እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 በሰሜን ኩዌት ሚትሪባ በተባለው ቦታ 53.9 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ በምድር ላይ በመሣሪያ ከተለኩት ከፍተኛ ሙቀቶች አንዱ ነው። በዚህ አየር ውስጥ የምትሠራ ሴት ጾሟን እንዴት እንደምትይዝ ለንስሐ አባቷ በስልክ ትንገር፤ እርሳቸው የሚፈቱላትን በጸጋ ትቀበል። ቤተ ክርስቲያን እናት ናት፤ የደከመ ልጇን ታውቃለች።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። ድካሙ አልፎ መሞት ያምርሽ ከጀመረ፣ እንቅልፍ ጭራሽ ከራቀሽ፣ ይህን ብቻሽን በጸሎት እይዘዋለሁ አትበዪ። ለአንዲት እኅት ንገሪ፤ ሐኪም ዘንድ ለመድረስም ጠይቂ። ለኤልያስ እንጎቻ የላከ አምላክ በሐኪም እጅም ይልካል።

3. አጋርን አንብቢያት። ዘፍጥረት 16ንም 21ንም።

ከአገሯ ከግብፅ ርቃ በሰው ቤት የምታገለግል ሴት ነበረች። አብርሃምና ሣራ ስለ እርሷ ሲነጋገሩ አንድ ጊዜ እንኳ በስሟ ሲጠሯት አናነብም፤ «አገልጋይቱ» ናት። እመቤቷ ብታስጨንቃት ወደ በረሃ ኮበለለች። የሚፈልጋት ሰው አልወጣም። የእግዚአብሔር መልአክ ግን በውሃ ምንጭ አጠገብ አገኛት፣ በስሟ ጠራት፣ ከወዴት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት። እርሷም የሚያየኝ አምላክ ነው ብላ ስም አወጣችለት። ነገሥታትና ነቢያት በሞሉበት መጽሐፍ ይህን ያደረገች የቤት ሠራተኛ ናት።

እዚህም የስንቶቻችን ስም ተለውጧል! አንዳንዶቻችን በፓስፖርት ላይ የተጻፈው እናታችን ያወጣችልን ስም አይደለም፤ ሌሎቻችንን ማዳም ለአፏ የቀለላትን ስም ሰጥታናለች። ክርስትና ስምሽን ግን ማንም አልነካብሽም። ቅዳሴ ላይ ስምሽ ሲነሣ በዚያ ነው፤ ማታ ራስሽን ስታማትቢም በዚያው ስም ራስሽን ጥሪ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ እኔን ግን ብዙ ጊዜ አቁማኛለች።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በምዕራፍ 16 መልአኩ አጋርን ወደ እመቤቷ እንድትመለስ ይነግራታል። ይህን ቦታ ይዘው የምትደበደብ ልጅን «ተመለሺና ቻዪ፣ እግዚአብሔር ያያል» የሚሉ ሰዎች አሉ። አትስሚያቸው። መልአኩ ለአጋር የተናገረው በማኅፀኗ ካለው ልጅ ተስፋ ጋር ነው፤ ለአንቺ መልአክ ነኝ ማለት የሚችል ሰባኪ የለም። በምዕራፍ 21 ደግሞ ውሃው ከአቁማዳው አልቆ ልጇን ከቁጥቋጦ ሥር ጥላ ስታለቅስ እግዚአብሔር ተመለሺ አላላትም። ዓይኗን ከፍቶ የውሃ ጉድጓድ አሳያት፤ ኑሮዋም በሌላ ምድር ቀጠለ። ዮሴፍም የጌታው ሚስት ስትይዘው ልብሱን በእጇ ትቶ ሮጧል። ከክፉ መሮጥ ኃጢአት አይደለም።

ስለዚህ የእግዚአብሔርን ፍቅር ማመንና መብትሽን ማወቅ አንድ ላይ ይሂዱ። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68ን አውጥታለች። ሥራ በቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ በዓመት 30 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ፣ ኮንትራት ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ እንዲከፈል ይላል። አሠሪ ያለ ሠራተኛዋ ፈቃድ ፓስፖርቷን እንዳይዝም ይከለክላል። በቀጣዩ ዓመት ዝቅተኛው ደመወዝ 60 ዲናር ተብሎ ተወሰነ። ሕጉ በየቤቱ እንደማይፈጸም ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ግን የሌለ ነገር እንደምትለምኚ ሆነሽ አትናገሪ። የአስቸኳይ ጊዜ ስልክ 112 ነው። ኤምባሲያችን አለ፤ ጀሊብ አል-ሹዩኽ ውስጥም መንግሥት የሚያስተዳድረው የሠራተኞች መጠለያ አለ።

በመስኮት ግን እንዳትወጪ፤ እለምንሻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 አንዲት እኅታችን ከሰባተኛ ፎቅ ተንጠልጥላ ስትጮህ አሠሪዋ በስልክ ስትቀርጻት ዓለም ሁሉ አይቶታል። እርሷ በእግዚአብሔር ቸርነት ተርፋለች። ያልተረፉትን እኛ እናውቃቸዋለን። በሩ የሚከፈትበትን ሰዓት ጠብቂ፤ ቆሻሻ ሲወጣ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ እንግዳ ሲገባ።

4. ይቅር ማለትና መክሰስ አይጣሉም። በልብሽ ይቅር ያልሻትን ሴት ያልከፈለችሽን ደመወዝ ልትጠይቂያት ትችያለሽ። ይቅርታው አንቺን ከምሬት ያወጣሻል፤ ክሱ ከአንቺ በኋላ የምትመጣውን ልጅ ያድናል።

5. ክርስቶስን ቦሌ ኤርፖርት ትተሽው አልመጣሽም።

ብዙ ልጆች እዚህ ሲደርሱ እግዚአብሔር አገር ቤት የቀረ ይመስላቸዋል፤ ደወል የለም፣ ማኅሌት የለም፣ የሰንበቴ ዳቦ የለም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከባሕሩ ማዶ ያለችውን የፈይለካ ደሴት ታውቂያት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች አል-ቁሱር በተባለው ቦታ ሲቆፍሩ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አገኙ። ይህ ባሕረ ሰላጤ ነዳጅ ሳይታወቅበት፣ ፎቅ ሳይቆምበት በፊት በክርስቶስ ስም የጸለዩበት ሰዎች ነበሩ። አንቺ በዚህ አሸዋ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያማተብሽ አይደለሽም።

አሁንም አብያተ ክርስቲያናት በይፋ ቆመው ያመልካሉ። ኩዌት ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1961 የተባረከው የካቶሊኮች ካቴድራል አለ። ቂብላ ሰፈር ያለው የወንጌላውያን ግቢ በብዙ ቋንቋ የሚያመልኩ ጉባኤዎች ተራ እየጠበቁ የሚሰበሰቡበት ነው፤ እዚያ እ.ኤ.አ. በ1999 መጋቢ ሆነው የተሾሙት ኢማኑኤል ጋሪብ ራሳቸው ኩዌታዊ ናቸው። አሕመዲ ላይ ለነዳጅ ሠራተኞች ተብለው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠሩ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። የግብፅ ኮፕት ወንድሞቻችንም የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ይዘዋል፤ እኛ ተዋሕዶዎች ለዘመናት ጳጳሳችንን የተቀበልነው ከእነርሱ ነውና እዚያ ስትገቢ እንግዳ ነኝ አትበዪ።

የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለሆነ ብዙዎቹ ዋና አምልኳቸውን ዓርብ ያደርጋሉ። መጀመሪያ ስመጣ እሑድን ያጣሁ መስሎኝ ከፍቶኝ ነበር። በኋላ ግን ዓርብን ወደድኩት፤ ክርስቶስ የተሰቀለበት ቀን ነው። የፍቅሩን ዋጋ በከፈለበት ቀን እንድሰበሰብ ሆነልኝ ብዬ ነው የምቀበለው። ፈቃድ ካለሽ ሂጂ፤ ለሱቅና ለወሬ ብቻ አታውዪው። የምትሳፈሪበትን አውቶቡስ፣ የምትመለሺበትን ሰዓት ለማዳም አስቀድመሽ ንገሪ፤ በሰዓትሽ ተመለሺ። በሰዓቷ የተመለሰች ልጅ የሚቀጥለውን ዓርብ ትቀበላለች።

6. በር የማይከፈትልሽ ከሆነ፣ ካውያውን ይዘሽ ጸልዪ። ውዳሴ ማርያም ለሳምንቱ ቀኖች ተከፋፍሎ የተሰጠን ለምን ይመስልሻል? የዛሬውን ብቻ በይ። በቃልሽ ካልያዝሽው እግዚኦታን 41 ጊዜ፣ በጣትሽ እየቆጠርሽ፤ አንድ ዲሽዳሻ ተኩሰሽ ሳትጨርሺ ያልቃል። ጸሎት ሲያጥር ይቀላል እንጂ አያንስም።

7. በቤቱ ካሉት ጋር ስለ ሃይማኖት አትከራከሪ። ማተብሽን አትደብቂ፣ ለጠብም አታውጪው። በረመዳን ቀን ፊታቸው አትብዪ፣ አትጠጪ፤ በአደባባይ ሕግም ይከለክላል፣ ከሁሉ በላይ ግን ጨዋነት ነው። አሮጊቷ እናታቸው ስለ ሐበሻ ክፉ ስትናገር ከሰማሽ፣ ነጃሺ የመጀመሪያዎቹን የነቢያቸውን ተከታዮች አክሱም ላይ እንዳስጠለለ በለሆሳስ አስታውሻት፤ ሳታውቀው አትቀርም።

8. የእግዚአብሔር ፍቅር የሚደርስሽ አብዛኛውን ጊዜ በሰው እጅ ነው። እጁን አስተውዪው።

ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 38 ላይ አቤሜሌክ የሚባል ኢትዮጵያዊ አለ። እርሱም በባዕድ አገር በንጉሥ ቤት የሚያገለግል ነበር። ኤርምያስን ጭቃ ወዳለበት ጉድጓድ በጣሉት ጊዜ ንጉሡን ደፍሮ ያናገረው ይህ የእኛ ሰው ነው። ሰዎች ይዞ ሄደ፤ ገመድ ከመጣሉ በፊት ግን ከንጉሡ ቤት አሮጌ ጨርቅ ፈልጎ አወረደለትና ብብትህ ሥር አድርገው አለው፤ ገመዱ ሥጋውን እንዳይቆርጠው። እኔ ፍቅርን በዚያ ጨርቅ ነው የማውቀው። ማውጣቱ ብቻ ሊበቃ ይችል ነበር፤ እርሱ ብብቱን አሰበለት።

እዚህም እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ። የጎረቤቱ ቤት ፊሊፒናዊት ቆሻሻ ስታወጪ ጠብቃ የራስ ምታት ክኒን በእጅሽ ታስጨብጥሻለች። ሕንዳዊው የታክሲ ሾፌር እያለቀስሽ መሆንሽን አይቶ ዋጋ ይቀንስልሻል። የወንጌላውያኑ ልጆች ኦርቶዶክስ ነሽ ብለው ሳይለዩሽ አልባሳት ይሰበስቡልሻል። አንዳንዴም እዚያው ቤት ያለችው ማዳም ትሆናለች፤ ብርድ ልብስ ደርባ ሳትናገር ትሄዳለች። ይህን ስታዪ «አጋጣሚ ነው» ብለሽ አትለፊው።

ከኩዌት ታሪክ አንድ ልጨምርልሽ። ኤሊኖር ካልቨርሊ የምትባል አሜሪካዊት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1912 ከሚስዮን ጋር ወደዚህ መጣች፤ በዚህ ምድር የመጀመሪያዋ ሴት ሐኪም ናት። የዚያን ጊዜ ሴቶች በወንድ ሐኪም አይታዩም ነበርና በወሊድ የሚሞቱት ይሞቱ ነበር። መጀመሪያ ፈሯት፤ ቀስ በቀስ በሩን ከፈቱላት። ሚስዮኑ በዚህ አገር ያገኘው አማኝ በጣም ጥቂት ነው። እነርሱ ግን እዚህ በከፈቱት ሆስፒታል እስከ እ.ኤ.አ. 1967 ድረስ ለአሥርተ ዓመታት አገልግለዋል፤ ሕንፃው ዛሬም በባሕሩ ዳር ቆሞ አለ፣ ሰዎችም «አምሪካኒ» ይሉታል። ውጤት ሳያዩ መውደድ ይቻላል ማለት ነው። ሕፃኑን ስታጥቢ፣ አሮጊቷን ስታገላብጪ የምታደርጊው ከዚህ አያንስም።

9. ሕፃኑን ውደጂው።

አንዳንድ እኅቶች «የሰው ልጅ ነው፣ ነገ ትቼው እሄዳለሁ፣ ልቤን አላስጠጋም» ይላሉ። ሕመማቸው ይገባኛል። አንቺም ልጅሽን ደሴ ለእናትሽ ትተሽ የሌላዋን ልጅ አቅፈሽ ስታስተኚ የሚቆርጥሽን ነገር ማንም በምክር አያነሣልሽም፤ እኔም አልሞክርም። ነገር ግን መውደድ ስታቆሚ ልብሽ አይጠነክርም፤ ይደነድናል፣ የደነደነ ልብ ደግሞ ለደሴው ልጅሽም አይለሰልስም። ሕፃኑ ምንም ሳያደርግልሽ ስትወጂው፣ ሲሸናብሽም ስታቅፊው፣ እግዚአብሔር አንቺን እንዴት እንደሚወድሽ ከስብከት ሁሉ ይልቅ እጅሽ ያውቀዋል። ለልጅሽም በየቀኑ ባይሆን በየሳምንቱ በኢሞ ድምፅ ላኪለት፤ ስለ ገንዘብና ስለ ልብስ አይሁን፤ ስሙን ጠርተሽ መርቂው።

10. ፍቅሩን የሚሸጥልሽ ሰው ካጋጠመሽ ስልኩን ዝጊ።

ቲክቶክ ላይ ሌሊት እየገቡ «ኩዌት ያለሽ፣ ስምሽ በመ የሚጀምር፣ እርግማን አለብሽ» የሚሉ አሉ። ስማቸው በመ የሚጀምር እኅቶች ስንት ናቸው? ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ሀዋላ። የሁለትና የሦስት ወር ደመወዛቸውን ለእንዲህ ያለ ሰው ልከው ባዶ እጃቸውን የቀሩ አሉ። እነርሱን አትሳለቂባቸው፤ በብቸኝነት የሚፈልጉት እውነተኛ ነገር ነበር። ግን ክርስቶስ በነፃ የሰጠውን ማንም በዲናር አያስተላልፍም። ለቤተ ክርስቲያን መስጠት ከፈለግሽ በዓይንሽ ለምታያት፣ አባቷን በስም ለምታውቂያት ደብር ስጪ። ወደ አገር ቤትም ቢሆን የምትልኪውን መጠን አንዴ ወስነሽ ተናገሪ፤ ጥቂት ለራስሽ አስቀምጪ። ራስሽን ባዶ አድርገሽ መስጠት ቅድስና የሚመስላቸው አሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን እንዳይጠሉኝ የሚል ፍርሃት ነው። አንቺ አስቀድሞ የተወደድሽ ነሽ፤ ከዚያ ተነሥተሽ ላኪ።

11. ማኅበር ግቢ። ትንሽ ብትሆንም፣ ሦስት ሰው ብትሆኑም፣ በስልክም ቢሆን። በወር የአንድ ጻድቅን ወይም የእመቤታችንን ቀን ይዛችሁ አብራችሁ ጸልዩ። አንዷ ስትታመም የምትጠይቋት፣ ሐዘን ሲደርስባት የምታስተዛዝኗት እናንተ ናችሁ፤ አንዷ ብትሞት አስከሬኗ አገሯ እንዲገባ የሚያዋጣው ሕዝብ ከዚህ ነው የሚወጣው። ሐሜት ከገባ ግን ቶሎ ተነጋገሩ፤ በባዕድ አገር ሐሜት ሰው ይገድላል።

12. መክተብ ውስጥ አዲስ ልጅ ካየሽ፣ ወይም ከጎንሽ ባለው ቤት አዲስ ከመጣች፣ አንቺ ቀድመሽ አናግሪያት። ምናልባት ዐረብኛ አታውቅም፣ ስልኳን ተቀምታ ይሆናል። 112ንና የኤምባሲውን ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ ጫማዋ ውስጥ እንድታኖረው ስጫት። የዓርቡን አውቶቡስ አሳዪያት። ስንት እንደሚከፍሏት አትጠይቂያት፤ ከየት እንደመጣችና ቀን ምን እንደበላች ጠይቂያት። ምንም ካልበላች ያለሽን አካፍዪያት።